ሼሉ ቦታውን ሲለቅ፦ ስለ «ኤግዜክ» ትእዛዝ የቀረቡልን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ላኪዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ በአንድ ትእዛዝ ዙሪያ የተጻፉ ሆነው ስላገኘኋቸው ዓምዱን በሙሉ ለእርሱ ሰጥቻለሁ። ትእዛዙ በሊኑክስና በሌሎቹ የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች ሼል ውስጥ የሚገኘው «ኤግዜክ» ነው። ሼል የምንተይባቸውን ትእዛዞች ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው፤ ባሽ ከሼሎች አንዱ ነው፤ ፕሮሰስ የምንለው ደግሞ በመሠራት ላይ ያለን ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እንደ አነጋገራቸው በፊደላችን አስፍሬያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲተየቡ ግን በላቲን ፊደል፣ ያውም በትንንሾቹ መሆኑን አንባቢ አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨሮችን የምከታተል ባለሙያ ነኝ። በፓይተን የተጻፈ አንድ የውስጥ አገልግሎት አለን፤ የሚነሣውም በባሽ ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ በመጀመሪያ የራሱን የፕሮሰስ ቁጥር «ኤኮ $$» በሚለው ትእዛዝ አንድ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ቀጥሎ ጥቂት ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎችን ያዘጋጃል፤ በመጨረሻም የፓይተኑን ፕሮግራም ያስነሣል። አገልግሎቱን ማቆም ስፈልግ ቁጥሩን ከፋይሉ አንብቤ በ«ኪል» እገድለዋለሁ። ስክሪፕቱ ወዲያው ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ፖርት 8080ን እንደያዘ ይቀጥላል፣ እንደገና ላስነሣው ስሞክርም አድራሻው ተይዟል የሚል ስሕተት ይመጣል። አንድ ባልደረባዬ ከመጨረሻው መስመር ፊት «ኤግዜክ» የሚል ቃል ጨመረበትና ችግሩ ጠፋ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «እንዲህ ነው የሚደረገው» ከማለት በቀር አላብራራልኝም። ነገሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ያደረጉት ትክክል ነው፤ ማብራሪያውን ግን ሊነፍጉዎት አይገባም ነበር።

ሼል አንድን ፕሮግራም በተለመደው መንገድ ሲያስነሣ ሦስት እርምጃዎችን ይወስዳል። በመጀመሪያ «ፎርክ» በተባለው የከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ጥሪ አማካይነት የራሱን ግልባጭ ይፈጥራል፤ ይህ ግልባጭ ልጅ ፕሮሰስ ይባላል፣ ከወላጁ የሚለየውም በዋናነት የራሱ አዲስ ቁጥር ያለው በመሆኑ ነው። ቀጥሎ ልጁ «ኤግዜክቪ» የተባለውን ጥሪ ይጠራል፤ በዚህ ጊዜ ከርነሉ በልጁ ሜሞሪ ውስጥ የነበረውን የሼል ኮድና ዳታ ጠራርጎ ያወጣና በምትኩ የተፈለገውን ፕሮግራም ይጭንበታል። ወላጁ ሼል ደግሞ «ዌይት» በሚለው ጥሪ ላይ ተቀምጦ ልጁ እስኪጨርስ ይጠብቃል።

«ኤግዜክ» የሚለውን ቃል ከትእዛዙ ፊት ሲያስቀምጡ ሼሉ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እርምጃ ይተዋቸዋል። ልጅ አይወለድም፣ የሚጠብቅም የለም፤ ሼሉ «ኤግዜክቪ»ን በራሱ ላይ ይጠራና ፕሮግራሙ በእርሱ ቦታ ይገባል። በቀበሌ ቤት ብናስበው የቤቱ ቁጥር ያው ነው፣ የመብራቱና የውሃው መስመርም እንደተዘረጋ ነው፤ ተከራዩ ብቻ ወጥቶ ሌላ ገብቷል። ደብዳቤ አመላላሹ የሚያውቀው የቤቱን ቁጥር እንጂ ነዋሪውን ስላልሆነ በቀድሞው አድራሻ የተላከው ሁሉ ለአዲሱ ተከራይ ይደርሳል።

አሁን በእርስዎ ማሽን ላይ የሆነውን እንከተል። «$$» የሚሰጠው የሼሉን ቁጥር ነው፤ ይህ ቁጥር 4200 ነበር እንበል። ፓይተን ልጅ ሆኖ ሲወለድ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 4201 ተሰጠው። «ኪል» ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር የሚልከው 15 ቁጥር የሆነውን ሲግተርም የተባለ ሲግናል (ለፕሮሰስ የሚላክ አጭር መልእክት) ነውና፣ እርስዎ በ4200 ሲልኩት ሼሉ ተቀብሎት ሞተ። ሼል የደረሰውን ሲግናል ለልጁ የማስተላለፍ ልማድ የለውም፤ ያስተላልፋል ብለው የሚያምኑ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም፣ እኔም ለዓመታት ከእነርሱ አንዱ ነበርኩ። ፓይተን ምንም ነገር ሳይሰማ ወላጁን አጣ፤ ከርነሉም እንደ ደንቡ ወላጅ የሞተበትን ፕሮሰስ ብዙውን ጊዜ ለፕሮሰስ ቁጥር 1 በማደጎ ስለሚሰጥ፣ ፕሮግራሙ ፖርቱን ሳይለቅ ሥራውን ቀጠለ። «ኤግዜክ» ከተጨመረ በኋላ ግን 4201 የሚባል ነገር የለም። ፋይሉ ላይ የሰፈረው 4200 መጀመሪያ የሼሉ፣ ኋላ ደግሞ የፓይተኑ ቁጥር ይሆናል፤ ሲግተርምም በቀጥታ ለሚመለከተው ይደርሳል።

ጉድለቱ በእጅ ሲሞከር የማይታየው ለምን እንደሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ስክሪፕቱን ተርሚናል ላይ አስነሥተው ኮንትሮልና ሲን አብረው ቢጫኑ ሼሉም ፓይተኑም ይቆማሉ፤ ተርሚናሉ ሲግኢንት የተባለውን ሲግናል የሚልከው በዚያ ሰዓት ከፊት ሆኖ ለሚሠራው የፕሮሰስ ቡድን በሙሉ ነውና ሁለቱም እኩል ይሰሙታል። «ኪል» ግን የተሰጠውን አንድ ቁጥር ብቻ ያንኳኳል። አገልግሎቱ፣ አገልግሎቶችን በሚያስነሣውና በሚያቆመው በሲስተምዲ ሥር ቢሆን ኖሮም ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቆይ ነበር፤ ሲስተምዲ በነባሪ ቅንብሩ አገልግሎትን ሲያቆም በአገልግሎቱ ቡድን ውስጥ ላሉት ፕሮሰሶች ሁሉ ሲግናሉን ይልካልና።

ታሪኩን ካነሣን ዘንድ፣ ዛሬ እንደ ልዩ ነገር የምናየው መተካካት በመጀመሪያ ብቸኛው መንገድ ነበር። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1969 በፒዲፒ-7 ማሽን ላይ ዩኒክስን ሲጀምሩ ፎርክ የሚባል ጥሪ አልነበራቸውም፤ ማሽኑ ላይ የነበሩት ሁለት ተርሚናሎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነበራቸው። ሼሉ ትእዛዝ ሲቀበል ፕሮግራሙን ከዲስክ አምጥቶ በራሱ ላይ ያስነብብና ይጠፋ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲያበቃ ደግሞ ሥርዓቱ አዲስ የሼል ግልባጭ አምጥቶ በቦታው ያስቀምጣል። ፎርክ ኋላ ላይ ሲጨመር የፈጀው 27 የአሴምብሊ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ተከተለ፤ ፎልደር የሚቀይረው ትእዛዝ መሥራት አቆመ። ይህ ትእዛዝ እስከዚያ ድረስ እንደማንኛውም ፕሮግራም ዲስክ ላይ የተቀመጠ ነበር፤ አሁን ግን በልጅ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሚሮጥ የልጁን ፎልደር ቀይሮ ከልጁ ጋር ይሞታል፣ ወላጁ ሼል ካለበት ንቅንቅ አይልም። የፎልደር መቀየሪያው ትእዛዝ «ሲዲ» እስከ ዛሬ ድረስ የሼሉ የራሱ አካል ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። «ኤግዜክ» ደግሞ የሚፈልገው ዲስክ ላይ ያለ ፕሮግራም እንጂ በሼሉ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ወይም እርስዎ የጻፉት ፈንክሽን አይደለም፤ ፈንክሽን ሰጥተውት አላገኘሁም ቢልዎ አይደነቁ።

አንዳንድ ማስተማሪያዎች «ኤግዜክ»ን ሜሞሪ ለመቆጠብ የሚያገለግል ብልሃት አድርገው ያቀርቡታል። እየጠበቀ የተቀመጠ ሼል የሚይዘው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ይህ ምክንያት ለእኔ ሚዛን አይደፋም። ዋናው ጉዳይ ሲግናሉ ማን ጋ ይደርሳል፣ ፕሮግራሙ እንዴት እንዳበቃ የሚናገረው ቁጥር፣ የመውጫ ኮዱስ ከማን ይመጣል የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተርሚናል ላይ «ኤግዜክ ኤልኤስ» ብዬ ስጽፍ መስኮቱ በቅጽበት ተዘጋ። የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን?

መልስ፦ ምንም አላበላሹም። ሼልዎ ቦታውን ለ«ኤልኤስ» አስረከበ፤ «ኤልኤስ» ፋይሎቹን ዘርዝሮ እንደ ወትሮው ጨረሰ፤ የሚመለስበት ሼል ስለሌለ ተርሚናሉ ያስነሣው ፕሮሰስ አብቅቷል ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ዝርዝሩ በእርግጥ ታትሟል፣ ዓይንዎ አልደረሰበትም እንጂ።

ለትምህርት የሚበጀው ሙከራ ሌላ ነው። «ኤኮ $$» ብለው ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ቀጥሎ «ኤግዜክ ባሽ» ይበሉና ቁጥሩን እንደገና ይጠይቁ፤ ያው ይሆናል። ያለ «ኤግዜክ» «ባሽ» ብቻ ቢሉ ግን ቁጥሩ ይቀየራል፣ ለመውጣትም ሁለት ጊዜ «ኤግዚት» ማለት ይኖርብዎታል። ብዙዎች የሼሉን የቅንብር ፋይል ካስተካከሉ በኋላ «ኤግዜክ ባሽ» የሚሉት አዲሱን ቅንብር ሌላ ሼል ሳይደርቡ ለማስነበብ ነው። ነገር ግን ይህንኑ መስመር በቅንብር ፋይሉ ውስጥ፣ ማለትም «ባሽአርሲ» በሚባለው ላይ እንዳይጽፉት፤ አዲሱ ባሽ ያንኑ ፋይል አንብቦ እንደገና በሌላ ባሽ ይተካል፣ እርሱም እንደዚያው፣ ማብቂያ የለውም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ የምኖር የሲስተም አስተዳዳሪ ነኝ። ስክሪፕቴ በ«ቴምፕ» ሥር ጊዜያዊ ፎልደር ይፈጥርና የይለፍ ቃል የያዘ የቅንብር ፋይል ያስቀምጥበታል። ስክሪፕቱ ሲያበቃ ፎልደሩ እንዲጠፋ «ትራፕ» በሚለው ትእዛዝ የመውጫ ሥራ አስመዝግቤ ነበር፤ ለብዙ ጊዜም በትክክል ሠርቷል። በቅርቡ ሲግናል በትክክል እንዲደርስ ብዬ መጨረሻው ላይ «ኤግዜክ» ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ፎልደሮቹ ሳይጠፉ እየተከማቹ፣ የይለፍ ቃሉም በየቦታው ተዝርክርኮ አገኘሁት። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ አይቻልም?

መልስ፦ ከዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ የእርስዎ ነው፤ ጉዳቱ ድምፅ የለውምና። «ትራፕ» ያስመዘገቡት ሥራ የተቀመጠው በሼሉ ሜሞሪ ውስጥ ነው። «ኤግዜክ» ሲመጣ ሼሉ አልወጣም፤ በሌላ ፕሮግራም ተተካ እንጂ። ባሽ በዚህ ጊዜ የመውጫ ትራፑን አያስኬድም፤ ከትእዛዙ በታች የተጻፉ መስመሮችም፣ ፕሮግራሙ እስከ ተገኘና እስከ ተነሣ ድረስ፣ በጭራሽ አይደረስባቸውም።

ከመተካቱ የሚተርፈውንና የሚጠፋውን ለይቶ መያዝ ስለዚህ ግድ ነው። የፕሮሰሱ ቁጥር፣ የወላጁ ቁጥር፣ ያለበት ፎልደር፣ የተጠቃሚው ማንነት፣ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ፈቃዱን የሚወስነው «ዩማስክ»፣ እንዲሁም የተከፈቱ ፋይል ዲስክሪፕተሮች (ፕሮሰሱ ክፍት ፋይሎቹን የሚጠራባቸው ቁጥሮች) ሁሉ ይቀጥላሉ፤ ከእነዚህ የሚዘጉት ከኤግዜክ ጋር አብረው እንዲዘጉ ምልክት የተደረገባቸው ብቻ ናቸው። «ኤክስፖርት» የተደረጉ ቫሪያብሎች ለአዲሱ ፕሮግራም ይተላለፋሉ፤ ያልተደረጉት፣ ፈንክሽኖችና አሊያሶች ግን ከሼሉ ጋር ይጠፋሉ። ሲግናሎችን በተመለከተ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ሼሉ በትራፕ ይይዛቸው የነበሩት ሲግናሎች ወደ ነባሪ ጠባያቸው ሲመለሱ፣ ችላ እንዲባሉ የተደረጉት ግን ችላ እንደተባሉ ይቆያሉ። «ኖሀፕ» የተባለው መሣሪያ የቆመው በዚህ ደንብ ላይ ነው፤ ተርሚናል ሲዘጋ የሚላከውን ሲግሃፕን ችላ እንዲባል ያደርግና ወዲያው ራሱን እርስዎ በሰጡት ፕሮግራም ይተካል። «ኤንቭ» እና «ናይስ»ም እንዲሁ ናቸው፤ አንዲት ነገር አስተካክለው ቦታቸውን የሚለቁ።

ለእርስዎ ችግር ሁለት መውጫ አለ። የመጀመሪያውን እኔ እመርጠዋለሁ። ፕሮግራሙ ቅንብሩን ከተከፈተ ዲስክሪፕተር ላይ ማንበብ የሚችል ከሆነ፣ ፋይሉን «ኤግዜክ 3<» ብለው ስሙን በማስከተል በ3ኛው ዲስክሪፕተር ላይ ይክፈቱት። እዚህ ላይ «ኤግዜክ» የፕሮግራም ስም ስላልተሰጠው ሼሉን አይተካም፤ የሼሉን የራሱን መስመር ብቻ ያዞራል። (በብዙ ስክሪፕቶች አናት ላይ «ኤግዜክ >» ተብሎ የሎግ ፋይል ስም፣ ከዚያም «2>&1» ተከትሎት የሚታየው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውጤት ሁሉ ወደ ፋይሉ ይሄዳል።) ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ፎልደሩን ጭምር ይሰርዙት። በዩኒክስ የአንድ ፋይል ስም ሲሰረዝ ይዘቱ የሚለቀቀው የያዘው የመጨረሻ ዲስክሪፕተር ሲዘጋ ስለሆነ፣ ቀጥሎ በ«ኤግዜክ» የሚተካው ፕሮግራም 3ኛውን ዲስክሪፕተር ወርሶ ያነበዋል፤ ዲስኩ ላይ ግን ማንም በስም የሚያገኘው ነገር የለም።

ፕሮግራሙ ይህን የማይችል ከሆነ «ኤግዜክ»ን ይተዉትና ሼሉን ሞግዚት ያድርጉት። ፕሮግራሙን በ«&» ከበስተጀርባ ያስነሡት፣ ቁጥሩን ከ«$!» ይያዙ፣ ሲግተርም ሲመጣ ያንኑ ለልጁ የሚልክ ትራፕ ያስመዝግቡ፣ ከዚያም «ዌይት» ይበሉ። ከበስተጀርባ ማስነሣቱ ለጌጥ አይደለም፤ ባሽ ከፊት ሆኖ የሚሠራ ትእዛዝ እየጠበቀ ሳለ ሲግናል ቢመጣ ትራፑን የሚያስኬደው ትእዛዙ ካበቃ በኋላ ነው፣ «ዌይት» ላይ ሲሆን ግን ወዲያው ይነቃል። ከነቃ በኋላ ልጁ ገና እየዘጋጋ ሊሆን ስለሚችል «ዌይት»ን ሁለተኛ ጊዜ መጥራት ያስፈልጋል፤ ይህ ከተረሳ ፎልደሩ ፕሮግራሙ እየተጠቀመበት ሳለ ይሰረዛል። እስከ አሁን የተከማቹትን ፎልደሮች ከመሰረዝዎ ጋር የይለፍ ቃሉንም ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ውስጥ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ነኝ። የፓይተን ፕሮግራማችን በዶከር ኮንቴይነር፣ ማለትም ከሌላው ሥርዓት ተነጥሎ በተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ይሠራል። «ዶከር ስቶፕ» ባልን ቁጥር 10 ሰከንድ ይፈጅና በመውጫ ኮድ 137 ይዘጋል። በማስነሻ ስክሪፕቱ ውስጥ «ኤግዜክ» ማስገባት እንደሚያስፈልግ ሰምቼ የመጨረሻውን መስመር «ኤግዜክ ፓይተን3 ሜይን.ፓይ | ቲ ሎግ» አድርጌዋለሁ። ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። «ዶከር ስቶፕ» በመጀመሪያ ሲግተርምን በኮንቴይነሩ ውስጥ ላለው ፕሮሰስ ቁጥር 1 ይልካል፤ 10 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ እምቢ የማይባለውን ሲግኪልን ያስከትላል። 137 ማለት 128 ሲደመር 9 ነው፤ 9 የሲግኪል ቁጥር ነው። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ በሰላም ተዘግቶ አያውቅም፤ በየጊዜው የሚገደል ነው። ያልተጠናቀቀ የዳታቤዝ ሥራ ቢኖረው እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

በመስመርዎ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደራርበዋል። አንደኛው «|» ነው። ሼል በዚህ ምልክት የተያያዙ ትእዛዞችን ግራና ቀኙን በየራሳቸው ልጅ ፕሮሰስ ያስኬዳቸዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ «ኤግዜክ» የተካው ዋናውን ሼል ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የተወለደውን ልጅ ነው። ቁጥር 1 ላይ የተቀመጠው አሁንም ያው ሼል ነው። በቅንፍ ውስጥ በተጻፈ «ኤግዜክ» ላይም ይኸው ይደርሳል። ውጤቱን ወደ ፋይል የሚገለብጠውን «ቲ»ን ያውጡት፤ ኮንቴይነር ውጤቱን ወደ ተራው መውጫ ቢጽፍ ዶከር ራሱ ይይዘዋል፣ በ«ዶከር ሎግስ»ም ይነበባል።

ይህን ብቻ አስተካክለው ቢሞክሩ ግን 10 ሰከንዱ እንደነበረ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። የሊኑክስ ከርነል ለፕሮሰስ ቁጥር 1 ልዩ ጥበቃ ያደርጋል። ቁጥር 1 ለአንድ ሲግናል የራሱን መቀበያ ካላዘጋጀ፣ ሌላውን ፕሮሰስ የሚገድለው ነባሪ ጠባይ በእርሱ ላይ አይፈጸምም፤ ሲግናሉ እንደ ቀላል ነገር ይጣላል። ሼሉም ሲግተርምን ያልሰማው በዚህ ምክንያት ነበር። ፓይተን ደግሞ ለሲግኢንት መቀበያ ይዞ ይነሣል፣ ለሲግተርም ግን አያዘጋጅም። ስለዚህ «ኤግዜክ» ፓይተንን ቁጥር 1 ካደረገው በኋላ መልእክቱ ይደርሰዋል፣ የሚቀበለው ግን የለም። በፕሮግራሙ ውስጥ ለሲግተርም መቀበያ መጻፍ ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ ክፍት ግንኙነቶችን የሚዘጋ፣ የተጀመረውን የሚጨርስ ጥቂት መስመር ይበቃል። ኮዱን መንካት ካልተቻለ ኮንቴይነሩን ሲያስነሡ «--ኢኒት» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ዶከር ቲኒ የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ቁጥር 1 ላይ ያስቀምጥና ሲግናሉን ለልጇ እንድታስተላልፍ ያደርጋል። በዚህም ጊዜ «ኤግዜክ»ን አይጣሉት፤ ቲኒ በነባሪ ጠባይዋ የምታስተላልፈው ለቅርብ ልጇ ብቻ ነውና፣ ልጇ ሼል ከሆነ ፓይተን የልጅ ልጅ ሆኖ እንደገና ሳይሰማ ይቀራል።

የማስነሻ ስክሪፕትን «ኤግዜክ "$@"» በሚል መስመር መጨረስ የተለመደ ነው፤ የፖስትግሬስ ይፋዊ ኮንቴይነር ማስነሻም እንደዚያው ይጨርሳል። ዝግጅቱን ከፈጸመ በኋላ ለስክሪፕቱ የተሰጠውን ትእዛዝ በሙሉ ከነቃላቱ ክፍፍል ተቀብሎ ቦታውን ይለቅለታል ማለት ነው፤ የጥቅስ ምልክቶቹ ከተረሱ ክፍት ቦታ ያለባቸው ስሞች ይበታተናሉ። በነገራችን ላይ «ዶከር ኤግዜክ» የሚባለው ትእዛዝ በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው፤ እርሱ በሚሠራ ኮንቴይነር ውስጥ ተጨማሪ ፕሮሰስ ያስገባል እንጂ ማንንም አይተካም።

ጥያቄ፦ ቴል አቪቭ ነው የምኖረው። በተከራየሁት ሰርቨር ላይ ነባሪ ሼሌን የመቀየር ፈቃድ ስለሌለኝ «ባሽ ፕሮፋይል» በሚባለው ፋይል መጨረሻ ላይ «ኤግዜክ ፊሽ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊሽ ከባሽ ሌላ የሆነ ሼል ነው። ለወራት ያለ እንከን ሠራልኝ። ከአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ ግን ከርቀት በሚያስገባው በኤስኤስኤች ስገባ ላይብረሪ ጠፍቷል የሚል አንድ መስመር ያሳየኝና ወዲያው ያስወጣኛል። ባሽ ቢያንስ ፊሽ አልሠራም ብሎ ሊያስገባኝ አይገባውም ነበር?

መልስ፦ ባሽ በቦታው ሊቆይ የሚችለው መተካቱ ራሱ ሲከሽፍ ብቻ ነው። ከሰው ጋር እየተነጋገረ ያለ ባሽ «ኤግዜክ» ሲከሽፍበት ስሕተቱን አሳይቶ በቦታው ይቆያል። ስክሪፕት ውስጥ ከሆነ ግን በነባሪው ያቆማል፤ ፕሮግራሙ ካልተገኘ በኮድ 127፣ ተገኝቶ ለማስኬድ ካልተቻለ በ126። የእርስዎ ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል። የፊሽ ፋይል በቦታው ነበረ፤ ከርነሉ ከፍቶ ከላይብረሪ ጫኙ ጋር ወደ ሜሞሪ አስገባው፣ በእርሱ በኩል መተካቱ ያለ ችግር ተፈጽሟል። ጫኙ ሥራ ጀምሮ የሚፈልገውን ላይብረሪ ሲያጣ ባሽ ከሜሞሪ ከወጣ ቆይቷል፤ ስለዚህ ስሕተቱን የጻፈልዎት ጫኙ ነው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመለሱበት ሼል የለም።

ለመግባት፣ በኤስኤስኤች ትእዛዝዎ ላይ «-ቲ» የሚለውን አማራጭና ከሰርቨሩ ስም በኋላ «ባሽ --ኖፕሮፋይል» የሚለውን ይጨምሩ። በዚህ መንገድ ትእዛዝ ተሰጥቶት የሚነሣ ሼል የመግቢያ ሼል ስላልሆነ «ባሽ ፕሮፋይል»ን አያነብም። መስመሩን የጻፉት «ባሽአርሲ» ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ በር ሊዘጋብዎ ይችል ነበር፤ ባሽ በኤስኤስኤች በኩል ለአንድ ትእዛዝ ሲነሣ ያንን ፋይል ሊያነብ ይችላልና፣ ፋይል የሚያመላልሱት እነ «አርሲንክ»ም አብረው ይበላሹ ነበር።

ከገቡ በኋላ መስመሩን «ፊሽ -ሲ ኤግዚት && ኤግዜክ ፊሽ» በሚለው ይተኩት። የመጀመሪያው ግማሽ ፊሽን በልጅ ፕሮሰስ አስነሥቶ ወዲያው እንዲወጣ ያደርጋል፤ በሰላም ከተመለሰ ብቻ ሁለተኛው ግማሽ ባሽን ይተካል፣ ካልተመለሰ ግን ባሽ ውስጥ ይቀራሉ። ይህንን ሲያስተካክሉ የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት ገብተው ይሞክሩት፤ አንድ ፊደል ቢስቱ የሚያርሙበት ሼል ያኔ በእጅዎ ላይ ነው።